ሹመት ያዳብር፣ ጁኒየር!

ነገሌ ቦረና ላይ አንድ ወጣት ዳኛ አለ እንበል። ስሙን አልጠራም፤ እንዲህ ያለ ልጅ ያቤሎም፣ ሜጋም፣ ሞያሌም ስላለ የሁሉም ይሁን። ሕግ ተምሮ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፎ፣ በጨፌ ኦሮሚያ ተሹሞ የወረዳ ችሎት ላይ ከተቀመጠ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ጢሙ ገና በቅጡ አልሞላም። እሱ ሲገባ ግን ሽማግሌው ከነከዘራው ይነሳል፣ ጠበቃው በኦሮምኛ «የተከበረው ፍርድ ቤት» ይላል፣ ግመል የጠፋበትም ግመል ወሰደ የተባለውም ከአፉ የሚወጣውን ይጠብቃል። ለዚህ ልጅ ሰሞኑን ከአዲስ አበባ፣ ከቦሌ፣ ስሙ ሲጠራ ሰው ሁሉ ቅንድቡን ከሚያነሳለት የጥብቅና ድርጅት ደብዳቤ መጣለት። ሥራ ሊሰጡት ነው። ማዕረጉ «ጁኒየር አሶሼት» ነው። በቢሮው ውስጥ ከሱ በታች ያለችው ቡና የምታፈላው ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን ረከቦቷ የራሷ ነው፣ ማታም በሰዓቷ ትወጣለች።

ይቀበል ወይስ አይቀበል ብለው ምክር ይጠይቁኛል። ይቀበል እንጂ! ሰው ላይ የሚፈርድ ልጅ ነገሌ ተቀምጦ ከዚህ በላይ የት ሊደርስ ነው? 600 ኪሎ ሜትር ግድም በአውቶቡስ ተንገላቶ ሄዶ፣ ከወንበሩ ወርዶ፣ ሌላ ሰው ወንበር አጠገብ ሲቆም ያኔ አደገ ይባላል። ሊፍት እንኳ ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት ምድር ቤት ይወርዳል። አንዳንዱ ሊፍት እዚያው እንደሚበላሽ አውቃለሁ፤ ግን አሁን ስለ ብልሽት አናውራ።

ደግሞስ የሚሰጡት ስም አይደለም እንዴ! እርግጥ ነው፣ እስከ 2013 ድረስ በአገራችን ሕግ የጥብቅና ድርጅት የሚባል ነገር አልነበረም። ፈቃዱ የግለሰብ ነበር፤ ጠበቆች አንድ ቢሮ ተጋርተው ቢሠሩም በሕግ ዓይን ያው እያንዳንዳቸው ነበሩ። ድርጅት ማቋቋም የተፈቀደው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። ስለዚህ «አንጋፋው ድርጅታችን» ሲሉ ልጁ አዋጁን አውጥቶ ዕድሜ እንዳይቆጥር፤ ቅር ይላቸዋል። ክብር የሚለካው በዓመት ሳይሆን በመስታወት በር ነው፤ ከዚያም እንደ ቻምበርስ ግሎባል ባሉ የውጭ ደረጃ መዳቢዎች ዝርዝር ላይ በመውጣት። ዝርዝሩ ላይ የሸሪኮቹ ስም ይወጣል። ዓመቱን ሙሉ የተሠራውን ሥራ አሰባስቦ፣ በእንግሊዝኛ አሳምሮ፣ ቀኑ ሳያልፍ የላከው ጁኒየሩ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የማን ስም ከላይ፣ የማን ወገብ ከታች እንደሚውል ግን ተረቱ አያብራራም።

ሥራ በበኩሉ ሞልቷል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ፣ ባንኩም ለውጭ ባለሀብት በአዋጅ ከተከፈተ ወዲህ እንግዳ አይጠፋም። እንግዳው ኩባንያ ሊገዛ ሲያስብ «ዱ ዲሊጀንስ» የሚሉት አለ፦ የሚገዛውን ድርጅት ዕዳ፣ ክስ፣ ግብር፣ የሠራተኛ ውል፣ የቦታ ካርታ አንድ በአንድ መበርበር። ጁኒየሩ ይበረብራል፤ «በርብረናል» ብሎ ሸሪኩ ይፈርማል። ጠዋት ሰነዶች ማረጋገጫ ወረፋ ይይዛል፤ ከሰዓት ነጋሪት ጋዜጣ ይተረጉማል። ፍርድ ሲጽፍበት የኖረው ኦሮምኛው የሚፈለገው ደንበኛው ከገበሬ ጋር በመሬት የተጣላ ዕለት ነው። ልደታ ከሄደም ቦርሳ ይዞ ነው፤ እዚያ ደርሰው ችሎት ፊት እንዴት እንደሚቆም ያሳዩታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ችሎቱ ራሱ የነበረን ልጅ።

ምሽት ላይ የቀኑ ቁም ነገር ይመጣል። አንድ የውጭ ደንበኛ ስለ አሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ማብራሪያ ፈልጓል፤ ለነገ ጠዋት። ልጁ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ዘርግቶ ይጽፋል። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አያልፍም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዳልተወሰነም ይጨምራል፤ ይህችን እንኳ አዋጅ ሳይገልጥ ያውቃታል። ከዚያ ሰዓቱን ያያል። አምስት ሊሆን ነው። ያዛጋና «ደንበኛችን እነዚህን ድንጋጌዎች በጥብቅ እንዲያከብር እንመክራለን» ብሎ ይዘጋዋል። «እንመክራለን» ውስጥ እሱም አለበት፤ የቤቱ ሰው ነዋ።

የልጁ ችግር ያደገው ማዕረግ ዓመት ባለው አገር መሆኑ ነው። ዩኔስኮ በ2009 በመዘገበው በገዳ ሥርዓት ሰው ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚሸጋገርበት ጊዜ የታወቀ ነው። አባ ገዳው ስምንት ዓመት ይመራል፣ ስምንቱ ሲሞላ ያስረክባል፤ «ትንሽ ልቆይ» ብሎ ነገር የለም። ጉሚ ጋዮ የተባለው ጉባኤም በየስምንት ዓመቱ ተሰብስቦ ሕጉን በሜዳ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይመረምራል። እንዲህ ያየ ልጅ ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጦ «ጁኒየርነቱ ስንት ዓመት ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ነውር ነው! የሚሰጠው መልስም አንድ ነው፦ «እንደ ሥራህ ይታያል።» ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚያየው፣ በምን ዓይን እንደሚያየው አይጠየቅም። ከሁለት ዓመት በኋላ ውጭ ተምሮ የመጣው የሸሪኩ የወንድም ልጅ «ሲኒየር» ሆኖ ሲገባ ግን ታየ ማለት ነው።

የድርጅቶቹ ወዳጆች ደግሞ የቦረናን ቱላ ጉድጓድ ያነሱብኛል። እዚያ ወጣቶች ከጉድጓዱ ሥር እስከ አፉ ተደርድረው እየዘፈኑ ውሃ ይቀባበላሉ፤ ታች ያለው ጭቃ በጭቃ ይሆናል። «አየህ፣ እዚያም ከታች ነው የሚጀመረው!» ልክ ናቸው፣ ከአንዲት ትንሽ ነገር በቀር። የቦረናው ልጅ ከታች የሚያቀብለው ውሃ ላይ ሲደርስ የሚያጠጣው የወገኑን ከብት ነው።

ነገሌ ስለ ማዕረግና ስለ ውሃ ሌላም ትዝታ አላት። በጥር 1966 እዚያ የሰፈረው የ4ኛ ብርጌድ ወታደር ምግቡና ውሃው አንገሽግሾት አመፀ። የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ሳለ የመኮንኖቹን ጉድጓድ እንዳይነካ ተከልክሎ ነበር። ነገሩን ሊያበርዱ የመጡትን የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዘው ያንኑ ምግብ አበሏቸው፣ ያንኑ ውሃ አጠጧቸው። ከዚያ በኋላ የመጣውን አንባቢ ያውቃል። እኔ ግን ማንንም አልቀሰቅስም፤ ጁኒየር አሶሼት በባሕርዩ አያምፅም፣ «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ኢሜይል ይመልሳል እንጂ። ቢያምፅም የሚጠይቀው ብዙ አይሆንም፦ ሸሪኩ አንድ ሌሊት ብቻ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በፌስታል የመጣ ቀዝቃዛ ፍርፍር እየጎረሰ፣ 200 ገጽ የኪራይ ውል ያንብብ።

«እዚያ የሚማረውን ነገሌ ማን ያስተምረዋል?» ብሎ የሚቆጣኝ አለ። እውነት አለው። ጎበዝ ሸሪክ ረቂቅህን በቀይ እስክሪብቶ ሲያደማው የምትማረውን የትም አታገኘውም፤ ይህን ሳልሸሙጥ ነው የምለው። የወረዳ ዳኛ ደመወዝም ቢሆን ብዙ እንደማያኮራ ማንም ያውቃል። ብቻ ባለ ቀይ እስክሪብቶው ሸሪክ ለጁኒየር ጊዜ እንዳለው አስቀድሞ የሚያጣራ ልጅ አላጋጠመኝም። የሚጠይቁት አድራሻውን ነው፦ ቦሌ የት ጋ? ስንተኛ ፎቅ?

ቦረና ቆላ ውስጥስ ምን ሕግ አለና! ሞያሌ አንድ ከተማ ሆና በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ሁለት አስተዳደር ትመራለች፤ ትንሽ ከተራመድክ ደግሞ ኬንያ ነህ። ግመል በዱቤ ተሽጦ ገንዘቡ ሲካድ የየትኛው ፍርድ ቤት፣ የየትኛው አገር ሕግ ጉዳይ ነው? የሕግ መምህራን ለፈተና ብለው ተጨንቀው የሚፈጥሩት ጥያቄ እዚያ ገበያ መሃል ቆሞ ያመሰኳል። በ2004 ቦረና ላይ ሣሩን ከሳተላይት አይቶ ካሳ የሚከፍል የከብት መድን ተጀምሯል። ዝናብ አምስት ወቅት ተከታትሎ የቀረበት ድርቅ ሲመጣ «ሳተላይቱ ሣር አየ፣ የኔ ከብት ግን አለቀ» የሚል አርብቶ አደር ቢከስ ውሉ እንዴት ይተረጎማል? ተራ ነገር! ክቡር የሕግ ጥያቄ ማለት ቦሌ ላይ፣ በኪራይ ውሉ አንቀጽ 14.3 ውስጥ፣ «እና» ይባል ወይስ «ወይም» የሚለው ነው።

ስለዚህ ይሂድ። ነገሌ ላይ ይመረቅ፣ በግ ይታረድለት፣ «ሹመት ያዳብር» ይባል። ከመንፈቅ በኋላ አንድ ማታ እናቱ ትደውላለች።

«ልጄ፣ አሁን ምን ሆንክ?»

«አሶሼት።»

«እሱ ከዳኛ ይበልጣል?»

ዝም ይላል። «ሃሎ? ሃሎ?» ትላለች። እሱም በተራው «ሃሎ፣ አይሰማም» ይላል፣ እየሰማት። የነገሌ ኔትወርክ፣ እግዜር ይስጠው፣ አንዳንዴ ሰው ያወጣል።