ማዳበሪያ በማዳበሪያ ሲወጣ

ጎረቤታችን ጋሼ ስለ ኮምፖስት የሠለጠኑት ግማሽ ቀን ነው፤ ሲያወሩት ግን ዓመት ሊሞላቸው ነው። በሥልጠናው ማግስት ጓሯቸውን አስቆፈሩ። ከዚያ ወዲያ የዶሮው አጥንት፣ የተረፈው ቅቅል፣ ዘይት ያቀረረው ወጥ፣ የከሰል አመድ በባልዲ፣ የልጅ ልጃቸው ዳይፐር ሳይቀር ጉድጓድ ገባ። ምንድን ነው ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ኮምፖስት ነው!»

የፋሲካ ማግስት የሰፈሩ ውሾች ጉድጓዱ ዙሪያ ማኅበር ጠጡ። ጋሼ ውሾቹን ረገሙ እንጂ ማን እንደጠራቸው አልጠየቁም። ሥጋ፣ አጥንት፣ ቅባትና አይብ ለውሻና ለአይጥ የጥሪ ወረቀት ነው። ጨው የበዛበት ወጥ ተክል ይጎዳል። አመድም በጭብጥ ሲሆን ይጠቅማል፤ በባልዲ ሲሆን አፈር ያበላሻል። ዳይፐሩማ ፕላስቲክ አለበት፤ ባለቤቱ አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶም ሳይበሰብስ ይጠብቀዋል።

የሚገርመው ግን በዋናው በር የሚወጣው ነው። ባለቤታቸው እትዬ የድንችና የካሮቱን ልጣጭ፣ የእንቁላሉን ቅርፊት፣ ከአቦል እስከ በረካ የተፈላውን የቡና አተላ፣ የደረቀውን ቄጠማ ጭምር ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቀው ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ያስረክባሉ፤ «ጓሮው እንዳይቆሽሽ» ብለው። ጉድጓዱ የተራበው ግን ይህንኑ ነበር፦ ለአንድ ባልዲ እርጥብ ልጣጭ ሁለት ሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠልና ሣር፣ ጥቂት ውኃ፣ አልፎ አልፎ ማገላበጥ፤ ከወራት በኋላ ጥቁር አፈር። ጆንያውን «ማዳበሪያ» ያልነው ማዳበሪያ ይዞ ስለመጣ ነው። በጋሼ ቤት ስሙ ገና አሁን ሠራ፤ ማዳበሪያው በማዳበሪያ ይወጣል፣ ቆሻሻው ጓሮ ይቀራል።

በቀደም እናቴ ከጎጃም መጣች። ኮምፖስት የሚባል ቃል ሰምታ አታውቅም፤ እበትና የቤት ጥራጊ ጓሮዋ እየደፋች ግን ቁመቷን የሚያክል ጎመን አብቅላለች። በአጥሩ አሻግራ እንዳየች አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። ጋሼ ቀደሟት፦

«ኮምፖስት ነው፣ እማማ!»

«ይባርክልዎ» አለች በትሕትና። ወደ እኔ ዞራ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች፦

«የእኛ ፍግ እንኳ ተብላልቶ ሲያበቃ አፈር አፈር ነው የሚሸት። ይኼስ የተዝካር ማግስት ይሸታል።»