አንቀጽ 17 ሐይቅ ዳር

የአምባሰል ሰው «በባዕድ ግስ ላይ ባለሙያ ነኝ» ቢል መብቱ ነው። ውጫሌ ያለችው እሱ ወረዳ ውስጥ ነዋ! ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ ከጣልያን ጋር የተፈረመው ውል አንቀጽ 17፣ ንጉሠ ነገሥት ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በጣልያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል በአማርኛው። በጣልያንኛው «ተስማምተዋል» ሆኖ ተገኘ። አንዲት ግስ ናት። ሒሳቧ የተወራረደው ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ነው።

ሰሞኑን በዚያው መንገድ ሌላ ግስ ገብቷል፤ ፊርማም አልጠየቀ። «ቫይራል መውጣት» ይባላል።

አንዲት የሐይቅ ከተማ እናት «የልጅ ልጅዎ ቫይራል ወጣ» ቢሏቸው «ውይ ልጄን! ጠበል ወሰዳችሁት?» አሉ ይባላል። ተሳቀባቸው። እኔ ግን አልሳቅሁም። ቃሉ የተወለደው ከቫይረስ ነው፤ ቫይረስ ደግሞ በጥንቱ ላቲን መርዝ ማለት ነው። በዚያ ላይ በእኛ አገር ከሰው ላይ «የሚወጣ» ነገር ኩፍኝ ነው፣ ድሮ ደግሞ ፈንጣጣ ነበር። ከሳቁት ሁሉ በትክክል የተረጎሙት እሳቸው ናቸው። ልዩነቱ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ እስኪሽረው ቤት ይከተታል፤ ቫይራል የወጣውን ግን የሚከትተው የለም።

ምስኪን አማርኛችን ለዚህ ነገር የረባ ግስ አልነበረውም። «ታወቀ» ይል ነበር። «ተደነቀ»፣ «ተመሰገነ»፣ «ተወራለት» ይል ነበር። ያቺን መነሻዋን «ተ» ልብ በሏት። ክፉ ፊደል ናት፤ ሌላ ሰው ካልመጣ አትንቀሳቀስም። ለመታወቅ የሚያውቅ፣ ለመመስገን የሚያመሰግን ያስፈልጋል። «ስሙ ናኘ» ሲባልም የሚናኘው ስሙ ነው፤ ባለቤቱ ቤቱ ተቀምጦ ሽሮውን ይበላል። ተመስገን፣ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ተገላገልን። ዛሬ አድራጊውም ተደራጊውም፣ ቀራጩም ተቀራጩም አንድ ሰው ነው። ጎረቤት ለምን ያስፈልጋል?

ይህ ግስ ባለመኖሩ ስንቱ ተጎድቷል! አባ ኢየሱስ ሞዓን ውሰዱ። በ13ኛው መቶ ዘመን ከደብረ ዳሞ መጥተው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገቡ፤ አስተማሩ፣ መጻሕፍት አስጻፉ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እንኳ ከእግራቸው ሥር ተምረዋል። ተከታይ ነበራቸው ማለት ነው፤ ግን የሚቆጥርላቸው አልነበረም። በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ በሰጡት አራቱ ወንጌል ውስጥ ሥዕላቸው አለ። አንዲት ሥዕል። ከ700 ዓመት በላይ አንዲት ፖስት! ሰብስክራይብ አድርጉ የምትል ቃል እንኳ የላትም።

የአምባሰልን ቅኝት ያበጀው ሰውማ ከሁሉም የባሰ ነው። ቅኝቱ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር ተቆጥሮ አገር ሁሉ ይዘፍነዋል፤ እሱ ስሙን እንኳ ጥሎልን አልሄደም። ስንፍና ነው።

የቀድሞ ነገሥታትም የመታየት ጥቅም አልገባቸውም። ዙፋን ሊመኙ የሚችሉ ዘመዶቻቸውን ግሸን አምባ ላይ አውጥተው፣ ሰው እንዳያያቸው ዘበኛ ያቆሙ ነበር። ዛሬ በግሸን ማርያም ንግሥ፣ መስከረም 21 ቀን፣ ያንኑ አቀበት ወጥቶ፣ ጀርባውን ለማርያም ፊቱን ለስልኩ ሰጥቶ የሚቆም ጎረምሳ ታገኛላችሁ። አምባው ያው አምባ ነው። ሰው እንዳይታይ ይወጣበት የነበረው፣ አሁን እንዲታይ ይወጣበታል።

እኔ ራሴ አንድ ቅዳሜ ሐይቅ ዳር ዓሣ ልበላ ተቀምጬ ትምህርት ቀስሜአለሁ። አጠገቤ አንድ ወጣት ስልኩን በሦስት እግር መቆሚያ ላይ ሰክቶ የዓሣ ጥብስ አዟል። ዓሣው መጣ፤ ቆዳው ገና ይንጫጫል፣ ቃሪያው ሆዱ ውስጥ ተሰክቷል። ልጁ ቆርሶ ወደ አፉ አስጠጋና «ኡፍፍ!» አለ፤ ሳይጎርስ መለሰው። ብርሃኑ አልተስማማውም። ወንበር ዞረ። እንደገና «ኡፍፍ!»። አራት ጊዜ አጣጣመ፤ አንድም ጊዜ አልቀመሰም። ዝንቡ ግን ቀመሰ።

ቀጥሎ ታንኳቸውን ወደ ዳር የሚያስጠጉ አንድ ሽማግሌ አየ። «አባባ፣ እንደገና ወደ ውስጥ ይመለሱና አሁን እንደሚመጡ ሆነው ይምጡልኝ።»

«መጥቻለሁ እኮ ልጄ።»

«ለቪዲዮ ነው። ቫይራል ነው የምናደርገው። ፀሐዩ ሳለ ቶሎ!»

«አብሽር፣ ሐይቁ የትም አይሄድም» አሉና ተመለሱ። የወሎ ሰው እንግዳ አያሳፍርም። ሦስት ጊዜ መጡ። በሦስተኛው መቅዘፊያቸውን አስቀምጠው ላባቸውን ሲጠርጉ «ይቺ ነች!» ብሎ ጮኸ። ድካማቸው ደስ አለው። ዋጋቸውን ስጠብቅ «ላይክ አደርግልዎታለሁ» አላቸው።

እዚህ ላይ ነው አንቀጽ 17 ትዝ ያለኝ። እኛ ስልኩን ስንገዛ ያነበብነው የአማርኛውን ቅጂ ነበር፤ «መታየት ይቻላል» ይላል። በሌላኛው ቅጂ «መታየት ግድ ነው» የሚል ኖሯል። ለአንዲት አሮጊት አንድ ጀሪካን ዘይት የሚሰጥ ሰው እሳቸው በደንብ እስኪያለቅሱ ጀሪካኑን የማይለቀው፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ «ላይቭ ነን» የሚባለው፣ ሙሽራ መሶብ ከመቅረቡ በፊት ድሮን የሚጠብቀው በዚያ ቅጂ ነው። ባለፈው ጊዜ ምኒልክ ውሉን አፈረሱት። ይህን ማን ያፍርስ? ባለውሎቹ እኛው ሆነን፣ ጣልያኑም እኛው።

ልጁ ሊለጥፍ ሲል ኔትወርክ ጠፋ። ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቶ፣ ምስል እንደሚያጥን ቄስ ወዲያ ወዲህ እያለ ወደ መንገዱ ሄደ። ዓሣው ሰሐኑ ላይ ቀዝቅዞ ቀረ። ሽማግሌው መረባቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሲያልፉ አዩት፤ እኔንም አዩኝ፤ ምንም አላሉም።

በመጨረሻ የዓሣ ቤቱ ባለቤት ድመት ጠረጴዛው ላይ ወጣች። ከራሱ ጀመረች፤ ዝም ብላ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እስከ ጅራቱ በላችው። የቀረጻት የለም።