ያልጠረጠርኩት አልነበረም

ሲበዛ ተጠራጣሪ ነኝ፤ ራሴን ግን አልጠረጥርም። ከሰርቨሩ የምንቀዳቸው ትልልቅ ፋይሎች አልፎ አልፎ መሃላቸው እየተበላሸ ሲያስቸግሩን መጀመሪያ የወነጀልኩት ዲስኩን ነው። ተመርምሮ ነፃ ወጣ። ሚሞሪውን፣ ኬብሉን፣ ስዊቹን፣ የመብራቱን መቆራረጥ አዳረስኩና መጨረሻ ላይ በቅርቡ የተቀጠረውን ልጅ ያዝኩ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ወደ ሰርቨሩ መግቢያ ገና አልተሰጠኝም» አለኝ። መስጠት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ፋይሎቹን የምንቀዳው በኤንኤፍኤስ ነው፤ ሌላ ማሽን ላይ ያለን ፋይል እዚሁ ያለ አስመስሎ የሚያስከፍት ሥርዓት ነው፤ ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሠራው ዩዲፒ በሚባል የዳታ መላኪያ ደንብ ነበር የሚሄደው። ዛሬ ሰው ሁሉ ቲሲፒ የሚባለውን ሌላ ደንብ ይጠቀማል። እኔ ግን ዩዲፒ ይፈጥናል የሚል ነገር የሆነ ቦታ አንብቤ፣ ወይም ያነበብኩ መስሎኝ፣ በገዛ እጄ ቀይሬዋለሁ። ፍጥነቱን አልለካሁም። ስብሰባ ላይ ግን «በጣም ፈጥኗል» ብያለሁ።

በዩዲፒ የሚላክ 8 ኪሎባይት ዳታ በ1,500 ባይት በተገደበ ኢተርኔት ለማለፍ 6 ቦታ ይቆራረጣል። ቁርጥራጮቹ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው የሚታወቀው በ16 ቢት መለያ ቁጥር ነው፤ 65,536 መለያዎች ሲያልቁ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የጊጋቢት መስመር በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ለዚህ አምስት ሰከንድ እንኳን አይፈጅበትም። ሊኑክስ ደግሞ የጠፋ ቁራጭ ይመጣል ብሎ 30 ሰከንድ ይጠብቃል። በዚህ መሃል ያው ቁጥር የደረሰው የሌላ ዳታ ቁራጭ ይመጣና ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። ዳታው መለወጡን የሚያጣራው ቁጥር፣ ቼክሰሙ፣ አብዛኛውን ይይዘዋል፤ እሱም 16 ቢት ብቻ ስለሆነ ከ65,536 አንዱ ያህል ያመልጠዋል። የስህተት መልእክት የለም። የፋይሉ መጠን ልክ ነው፣ ቀኑም ልክ ነው።

ይህ የሚሆነው እንግዲህ መስመሩ ሲጨናነቅ ነው። እኔ የምፈትሸው ማታ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነበር፤ ብቻዬን ሳመሽ የምራቀቅ ይመስለኛል። ማታ ማታ ሁሉም ነገር ደህና ነው።

በመጨረሻ የተበላሸውንና ደህናውን ፋይል ባይት በባይት አስተያየሁ። ባዕዱ ቁራጭ ርዝመቱ 1,480 ባይት ነው። ቁጥሩ ላይ አፍጥጬ ሳለ ልጁ ከኋላዬ፣ «ጋሼ፣ ከ1,500 ላይ የአይፒው ራስጌ 20 ሲቀነስ እኮ ነው» አለ። «አይቼዋለሁ» አልኩት። አላየሁትም ነበር።

የባሰው ደግሞ ይህ ሁሉ ጣጣ በሊኑክሱ የኤንኤፍኤስ ማኑዋል ውስጥ፣ ራሱን በቻለ ርዕስ፣ ከነማስጠንቀቂያው ተጽፎ መቀመጡ ነው። አዲስ ሠራተኞችን «መጀመሪያ ማኑዋሉን አንብቡ» የምለው እኔ ነኝ።

መፍትሔው udp የሚለውን tcp ለማድረግ ሁለት የላቲን ፊደል መቀየር ነበር። ለአለቃዬ የጻፍኩት ሪፖርት አራት ገጽ ሆነ። ዩዲፒ «ተመርጦ ነበር» ይላል፤ የመራጩን ስም ለመጻፍ ቦታ አልበቃኝም።