ሻንጣ ሙሉ ክር፣ ግማሽ እጅጌ

ሹራብ ለመሥራት መጀመሪያ የሚያስፈልገው መርፌና ክር ነው የሚል ካለ ዘመኑ አልፎበታል። መጀመሪያ የሚያስፈልገው የአውሮፕላን ትኬት ነው። ክርማ የትም ይሸጣል። ነገር ግን ከሰፈር ሱቅ የተገዛ ክር ምን ወሬ ይወጣዋል? «ይቺን የመሰለች ክር ከየት አመጣሻት?» ሲባል «እታች ካለው ሱቅ» ብሎ ጨዋታውን ከመግደል፣ ሻይ አማስሎ፣ ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ሬይክያቪክ ለስብሰባ የሄድኩ ጊዜ ነው» ማለት ያለው ማዕረግ ሌላ ነው። ስብሰባው ስለ ምን እንደነበር የሚጠይቅ ባለጌ ብቻ ነው።

የማወድሳቸው እነዚህን አዲስ ጥበበኞች ነው፤ ሥራቸው ከከተማ ከተማ የሚያዞራቸው፣ በደረሱበት ሁሉ ከሆቴሉ ቀድመው የክር ሱቁን የሚጠይቁ። አውሮፓና አሜሪካ ሞልተዋል፤ ወንዶችም አሉበት። ከእኛም ሰው በዚያው አገር ኑሮ የተለከፉ አልጠፉም፤ ስም አልጠራም፣ የትዳር ጓደኞቻቸው ያውቋቸዋል። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ «ጉዞ ስለማበዛ ሹራብ መሥራቴ እንዳይቀር ብዬ ነው።» እውነታቸውን ነው። ሹራቡ እንዳይቀር ክሩ ይገዛል። ክሩ ከተገዛ ደግሞ ሹራቡ ተሠራ ማለት አይደል? መጽሐፍ ገዝቶ መደርደሪያ ላይ ያሳረፈ ሰው አንብቤዋለሁ እንደሚለው መሆኑ ነው።

በተለይ አውሮፕላን ላይ የሚሠራው ሹራብ ያስቀናል። አሜሪካ ውስጥ የሹራብ መርፌ በእጅ ሻንጣ ይዞ መግባት የተፈቀደ ነው፤ የመጨረሻው ቃል ግን የፈታሹ ነው። ስለዚህ ጥበበኛችን ከብረት ይልቅ የቀርከሃ መርፌ ትይዛለች፤ ያውም ሁለቱ ጫፎቹ በገመድ የተያያዙትን፣ አንዱ ቢያመልጥ ተንከባሎ እንዳይጠፋ። አውሮፕላኑ ሳይነሳ ሁሉም ነገር ከቦርሳ ይወጣል፦ ሜትሯ፣ ረድፍ መቁጠሪያዋ፣ ታጥፎ ታጥፎ የተቀደደው የንድፍ ወረቀት። ቀበቶ ይታሰራል። አንድ ረድፍ ይሠራል። ከዚያ መጠጥ ይመጣል፤ ክሩ ወደ ቦርሳው ይመለሳል። መጠጡ ሲነሳ ምግብ ይመጣል። ምግቡ ሲነሳ መብራት ይጠፋል፤ ጥቁር ክር በጨለማ አይታይም። የራስጌው መብራት እንዳይበራ ጎን የተኛው ሰውዬ በክርን መጎሸሙ ሳያንሰው ዓይኑም ሊወጋ ነው። በዚህ መሐል ረድፉ የሚጀምርበትን የምታመለክተው ትንሿ የፕላስቲክ ቀለበት ሾልካ ወንበር ሥር ትገባለች። እሷን ፍለጋ ጎንበስ ሲባል መርፌው ይወልቅና የተሠራው ይተረተራል። አውሮፕላኑ ሲያርፍ እጅጌው ሲነሳ ከነበረበት ሁለት ጣት አጥሮ ይገኛል። ባለፈው ጉዞም እዚያው ነበር። ይህ እጅጌ ከብዙ ዲፕሎማት የበለጠ አገር አይቷል።

እውነተኛው ሥራ የሚጀመረው ከአውሮፕላን ከወረዱ በኋላ ነው። አይስላንድ ረግጦ ሎፒ የተባለውን ክር ሳይገዙ መመለስ ነውር ነው። የአይስላንድ በግ ጸጉር ድርብ ነው፤ ላይኛው ረጅምና ዝናብ የሚመልስ፣ ታችኛው አጭርና የሚያሞቅ። ለሰሜን አትላንቲክ ነፋስ የተፈጠረ ነገር ነው። ጥበበኛችን የምትኖረው ማሞቂያ በተገጠመለት አፓርታማ ስለሆነ ይህ ክር የግድ ያስፈልጋታል። አንገት ላይ ይኮሰኩሳል፤ ግን ሊለበስ ስላልተገዛ ማንን ኮሰኮሰ! በኦክቶበር ወር ኒውዮርክ ካጋጠማት ደግሞ ራይንቤክ አለ፤ በየዓመቱ የበግና የሱፍ ባዛር የሚቆምበት። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ለዕለቱ አዲስ ሹራብ ሠርቶ መልበስ ወግ ሆኗል፤ መኪና ውስጥ ሆነው አንገቱን የሚጨርሱ አሉ። ይህን ለማንም አልመክርም። ያለቀ ሹራብ ይለበሳል፣ ይቆሽሻል፣ ይጠባል። ያልተሠራ ክር ግን ምንጊዜም ልክ ነው።

ፓሪስ የተገዛው ጥቅል ከሁሉም ይበልጣል። ወረቀቱ ላይ «ፓሪስ ውስጥ በእጅ የተቀለመ» ይላል። ቀለሙም ግራጫ ተብሎ አይጠራም፤ በሴን ወንዝ ላይ የወረደ የኅዳር ዝናብ ምናምን ነው። ሱፉ ብዙ ጊዜ የሜሪኖ ነው፤ ስመ ጥሩ የሜሪኖ አገር አውስትራሊያ ነች፤ የአውስትራሊያ ሱፍ ደግሞ አብዛኛው የሚሸጠው ለቻይና ነው። በማሽን ሲታጠብ እንዳይኮማተር የጸጉሩ ቅርፊት በክሎሪን ይላጋል፣ ላዩም በስስ ሰው ሠራሽ ሙጫ ይሸፈናል። ተፈትሎ፣ ነጭ ሆኖ፣ ፓሪስ የሚደርሰው ለቀለም ብቻ ነው። ጥቅሉ የፓሪስ ትዝታ ነው ሲባል ፓሪስ የጨመረችበት ውኃና ቀለም መሆኑን አለማንሳት ጨዋነት ነው።

ድሮ በእርግጥ እየተጓዙ ሹራብ የሚሠሩ ያልሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ከስኮትላንድ በስተሰሜን ባሉት የሼትላንድ ደሴቶች ሴቶች ለማገዶ የሚሆነውን የደረቀ የረግረግ አፈር በቅርጫት አዝለው ከመስክ ወደ ቤት ሲመላለሱ እጃቸው ሹራብ ይሠራ ነበር። ወገባቸው ላይ የታሰረው ባለ ቀዳዳ የቆዳ ቀበቶ የመርፌውን ጫፍ ይይዝላቸዋል፤ ፎቶግራፋቸው ዛሬም አለ። ነጋዴው ብዙውን ጊዜ የሚከፍላቸው በገንዘብ ሳይሆን በዕቃ ነው፤ ሻይ ወይም ጨርቅ፣ እሱ ከሱቁ የወደደውን። አቤቱታው በዝቶ እ.ኤ.አ. በ1872 የመንግሥት መርማሪ ኮሚሽን ሪፖርት ወጥቶበታል። ሻንጣ የላቸው፣ ክምችት የላቸው፣ ለግራጫ የዝናብ ስም አላወጡለት። የጀመሩትን ይጨርሱ ነበር፤ ያሳዝናል። ዛሬ ዕድሜ ለሥልጣኔ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በዚያው በሼትላንድ የሱፍ ሳምንት ይከበራል፤ ከየአገሩ የሚመጣው እንግዳ በባዶ ሻንጣ ገብቶ በሙሉ ይወጣል። ታዋቂዋ የሹራብ መምህርት ኤሊዛቤት ዚመርማንም (1910–1999) ባሏ ከሚነዳው ሞተር ብስክሌት ኋላ ተቀምጣ ትሠራ ነበር። ሞተር ብስክሌት! ለክር የሚሆን የዕቃ መጫኛ እንኳ የሌለው!

የእኛም እናቶች ከዚሁ ኋላ ቀር ወገን ናቸው። ልጇን ልታርስ ዳላስ የሄደች እናት ቦርሳዋ ውስጥ የምትይዘው አንድ ኪሮሽና አንድ ጥቅል ነጭ ክር ነው። ክርስትናው ሳይደርስ ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ማይክሮዌቩ ሳይቀር ዳንቴል ለብሶ ይገኛል። ከዚያ «እናንተ፣ እዚህ አገር ክር የለም እንዴ?» ትላለች። ክር ሲያልቅ ሌላ መግዛት! ይህን ጉድ ጥበበኛችን ጆሮ ማድረስ አይገባም። ሎፒ ጭና ለተመለሰችው ወገናችንም የመንዝን በግ ማንሳት ደግ አይደለም። በርኖስና ባና የሚሠራበት የመንዝ ሱፍ ይኮሰኩሳል። ሎፒም ይኮሰኩሳል፤ ግን እሱ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ መኮስኮስ ነው።

የመጣው ክር ማረፊያ ይፈልጋል። መጀመሪያ መሳቢያ፣ ቀጥሎ ቁም ሣጥን፣ ከዚያ የእንግዳው አልጋ ሥር፣ ከዚያ የእንግዳው አልጋ፤ በመጨረሻ እንግዳው ራሱ ይቀራል። ይህን ሁሉ ሀብት ከልቡ የሚወድ አንድ ፍጡር አለ፤ ብል። እጩ የሚበላው ኬራቲን ነው፤ ሱፍ ደግሞ ኬራቲን ነው። ብልን ለመግደል ክሩ በላስቲክ ታሽጎ በረዶ ቤት ይከርማል። ባል ለጥብስ የሚሆን የበግ ሥጋ ፍለጋ ፍሪጁን ሲከፍት ጸጉሩን ያገኛል።

አሁን ክርክር የሚወድ ሰው «ይህ ሁሉ መቼ ተሠርቶ ያልቃል?» ማለቱ አይቀርም። እናስላው። በብዙ አየር መንገዶች የአንድ ሻንጣ ልክ 23 ኪሎ ነው። አንድ የካልሲ ክር ጥቅል 100 ግራም ይመዝናል፤ ርዝመቱ 400 ሜትር ያህል ነው። ሻንጣው ራሱ አይመዝንም ብንል 230 ጥቅል ይይዛል፤ ቢዘረጋ 92 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ አዳማ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው የሚያልቅ። አንዱ ጥቅል አንድ ጥንድ ካልሲ ይወጣዋል። ጥንዱ 20 ሰዓት ቢወስድ በድምሩ 4,600 ሰዓት ነው። ቤት ተቀምጦ መሥራት እንዳይታሰብ፤ ቤት ሲሆን ድካም አለ፣ ተከታታይ ድራማ አለ፣ ሻንጣ መፍታት አለ። የሚሠራው አውሮፕላን ላይ ብቻ ነውና በረራው መብዛት አለበት። የበረረ አውሮፕላን ደግሞ ማረፉ አይቀርም፤ የሚያርፍበት ከተማም የክር ሱቅ አያጣም። ስለዚህ ሁለተኛ ሻንጣ ያስፈልጋል፤ የትርፍ ኪሎውን መሥሪያ ቤቱ ይክፈል።