አዲስ ነገር አለ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ መጀመሪያ የሚያነሱት ብርዱን ነው። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እየኖሩ ሌላ ጨዋታ ማስቀደም ነውር ይመስላል። ብርዱ በሚገባ ተረግሞ ካበቃ በኋላ ግን፣ ከሁለቱ አንዱ ባለአክሲዮን ከሆነ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አዲስ ነገር አለ?» ይላል። ሌላው ግራ ቀኝ አይቶ «በቅርቡ ነው አሉ» ይለዋል። ያሉት እነማን እንደሆኑ ተጠይቆ አያውቅም። ጋቢያቸውን አስተካክለው ይለያያሉ፤ ሁለቱም አንድ ቁም ነገር ይዘው የሄዱ ይመስላቸዋል።

እኔም ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነኝ። ድርሻ የገዛሁት ገና «በምሥረታ ላይ» ከሚባል ኩባንያ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ስሙን የጠራሁ እንደሆነ ዜና ይሆናል፣ ዜና ማውጣት ደግሞ የቦርዱ ሥራ ነው።

አክሲዮን ሻጩ ወጣት ሰፈራችን የመጣው ኅዳር ላይ ነበር፣ ውርጩ የጓሮውን ጎመን በሚያቃጥልበት ሰሞን። ከቦርሳው ቀጭን ሳንቃ አወጣና፣ «ይሄ የወደፊቱ የግንባታ ቁስ ነው፤ ከብረት ይጠነክራል፣ ከሰሌን ይቀላል፣ እሳት አይበላውም፣ ብርድም አያስገባም» አለን። ብርድ የማያስገባ ግድግዳ፣ በኅዳር፣ ለደብረ ብርሃን ሰው! ይህን ልጅ ንግድ ያስተማረው ሰው ይባረክ። ድሬዳዋ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ያው ሳንቃ ሙቀት የማያስገባ ይሆን እንደነበር አልጠራጠርም። ሳንቃው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አረቄ የሚያወጡት ጎረቤታችን እትዬ በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት፣ አሸተቱት፣ «ከምንድን ነው የሚሠራው?» አሉ። «በከፍተኛ ቴክኖሎጂ ነው እናቴ» አላቸው። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም፤ ያልገባው መስሎ መታየት የፈለገ አልነበረም።

«እንዴት በዚህ ታመናላችሁ?» የሚለን አይጠፋም። እንዲህ የሚለን ሰው ግን የከተማውን የቅርብ ታሪክ የማያውቅ ነው። ሐበሻ ቢራም አንድ ሰሞን ወረቀት ብቻ ነበር። ከ8,000 የሚበልጡ ሰዎች ድርሻ ገዝተው፣ ባቫሪያ የተባለው የሆላንዶች የቤተሰብ ጠማቂ ኩባንያ ገብቶበት፣ በ2007 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ እዚሁ ደብረ ብርሃን የተጠመቀ ቢራ ገበያ ወጣ። ያን ጊዜ ድርሻ ያልገዛ ሰው ሁሉ «ልገዛ ስል» የቀረ ሆነ። «ገንዘቡን ቆጥሬ አስቀምጬ ነበር፣ ሚስቴ ናት እንጂ» የሚል ባል ስንቱን ሰማሁ። ሚስቶቹን ብትጠይቋቸው ገንዘቡን አይተውት አያውቁም። ብቻ አንድ ቆሞ የሚታይ ፋብሪካ፣ ላልቆሙት ሁሉ ዋስ ሆኖ ይኖራል። የኛ አክሲዮን ሻጭም ሲያስረዳን ጣቱን ወደ ቢራ ፋብሪካው አቅጣጫ ይጠቁም ነበር፤ ምንም ዝምድና ሳይኖራቸው።

የኛ ኩባንያ ከከተማው ወጣ ብሎ መሬት አለው። መሬቱ በቆርቆሮ ታጥሯል፣ በር አለው፣ በሩ ላይ ዘበኛ አለ፣ ግቢው ውስጥ የመሠረት ድንጋይ አለ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አጥሩን መጎብኘት ልማዳችን ነው። በቀዳዳ እናያለን። ዘበኛው ከመንዝ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ እሳቸውን የምናገኛቸው ስለሆነ ስለ ኩባንያው ያለን ዕውቀት ሁሉ ከእሳቸው የተቀዳ ነው። ችግሩ እሳቸው ብዙ አይናገሩም። ስለዚህ ሰውየውን ማንበብ ጀመርን። አንድ እሑድ አዲስ ካቦርት ለብሰው ቆዩን። ጡረታ የወጡት የሒሳብ አስተማሪ ወዲያው «በጀት ተለቋል» አሉ፣ ወሬውም ከምሳ በፊት ጠባሴ ደረሰ። ካቦርቱን ልጃቸው እንደገዛላቸው የሰማነው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ በዚያ መካከል ሁለት ሰዎች ተጨማሪ ድርሻ ገዝተው ነበር። ሌላ ጊዜ አሸዋ የጫነ አይሱዙ በሩ ላይ ቆመ። እልል ያሉም ነበሩ። ሾፌሩ ወርዶ መንገድ ጠየቀና ሄደ።

ስለ በጎቹ ሳላወራ ባልፍ ግን በደል ይሆናል። ታጥሮ የሚኖር መሬት ሣር ያበቅላል፤ ሣር ካለ ደግሞ የመንዝ ሰው ዝም ብሎ አያየውም። ዘበኛው ጥቂት በጎች ግቢው ውስጥ አስገቡ። በጎቹ ረቡ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ የመሠረት ድንጋዩን ተከልለው ያመነዥካሉ። ለፋሲካ ሰውየው መሸጥ ሲጀምሩ አስተማሪው «የሌላ ሰው በግ መግዛት የራስን ኩባንያ መክዳት ነው» ብለው አስገዙን። አረድነው፤ ስቡ ለጉድ ነው። ከግቢያችን የወጣ የመጀመሪያው ምርት በመሆኑ ጠረጴዛው ዙሪያ አጭር ንግግርም ተደርጓል። ካፒታሉን ከአጥሩ ውጭ ካለነው ከእኛ ይልቅ በጎቹ በሚገባ ሠርተውበታል፤ ትርፉ ግን ለዘበኛው ነው፣ ይገባቸዋልም፣ ከሁላችን ውስጥ በሥራ ገበታው ላይ የተገኘ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ምልክት ማንበብ እንደሆነ ለዚህ ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እዚህ የከተሙት ሰማይ ላይ የታየን ብርሃን ከላይ የተላከ መልእክት ነው ብለው ስለተረጎሙት ነው። ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ቤተ መንግሥታቸውን ተከሉ፣ በ1468 እ.ኤ.አ. እስኪያርፉም አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ኖሩ። የታሪክ ሰዎች ምናልባት ብርሃኑ በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ኮከብም ይሁን ሌላ፣ ንጉሡ አንድ ጊዜ አይተው ከተማ ቆረቆሩ። እኛ በየሳምንቱ እያየን ከቆርቆሮው አላለፍንም።

ይህ በሽታ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማንችስተር የሚኖረው የእህቴ ልጅ የግራፊን ኩባንያ ድርሻ አለው። ግራፊን ማለት የእርሳስ እምብርት ከሚሠራበት ከግራፋይት የሚላጥ፣ ውፍረቱ ከአንድ አቶም የማይበልጥ ስስ ንብርብር ነው። ሁለት ሳይንቲስቶች፣ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ፣ እዚያው ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ በተራ ስኮች እየለጠፉ እያነሱ ነጥለው አወጡትና በ2004 እ.ኤ.አ. ለዓለም አሳወቁ፤ በ2010 የኖቤል ሽልማት ወሰዱበት። ነገሩ እውነት ነው፣ ጥንካሬውም እውነት ነው፣ ከብረት እጅግ ይበልጣል። የጎደለው በቶን፣ በሚያዋጣ ዋጋ የሚገዛው ሰው ነው። እዚህ ላይ የእህቴ ልጅ ይቆጣል። እኔ ግን ከደርሃም ዩኒቨርሲቲ የወጣው አፕላይድ ግራፊን ማቴሪያልስ በ2013 እ.ኤ.አ. ለንደን ገበያ ገብቶ በ2023 ሥራውን ለሌላ ሸጦ እንደተሰናበተ ራስህ ነግረኸኛል እለዋለሁ። «የኔ ያ አይደለም ጋሼ፣ የኔ ሌላ ነው» ይለኛል። የሁላችንም ሌላ ነው።

የለንደን ኩባንያዎች ዜናቸውን የሚያወጡት በእነሱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ክረምታቸው ሲሆን በኛ አራት ሰዓት ማለት ነው። ልጁ ያኔ ይደውላል። «ጋሼ፣ ዛሬም የለም።» «እኛም ጋ የለም።» ከዚያ ትንተና ይጀምራል። ኩባንያው የሾፌር ማስታወቂያ አውጥቷል፤ ሾፌር የሚፈለገው የሚጫን ነገር ሲኖር ነው። ስለ ካቦርቱ ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለና «ቀለሙ ምንድን ነው?» አለኝ። ደሜ መሆኑን ያን ጊዜ አመንኩ።

እትዬ ግን ከሁላችን ቀድመው ሁለተኛ ድርሻ ያዙ። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ድርሻውን በቴሌብር መሸጥ ሲጀምር፣ አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 ድርሻ፣ 9,900 ብር ነበር። አረቄ ቤታቸው ተቀምጠው በስልካቸው ገዙ። ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን ድርሻ ሽያጩ ሲዘጋ የተገዛው 10.7 ሚሊዮን፣ ገዢውም 47,377 ሰው መሆኑን ሲሰሙ ደስታቸው ወሰን አጣ። «ስናንስ ይሻላል» አሉ። የዚያኑ ዓመት ጥር ላይ አዲስ አበባ ላይ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ፣ ወጋገን ባንክም በመጀመሪያ ተመዘገበ። በንጉሡ ጊዜ ብሔራዊ ባንክ ያስጀመረው የአክሲዮን ግብይት በደርግ ከቀረ ወዲህ ግማሽ ምዕት ዓመት ቆጥረናልና፣ ሰው ቢጓጓ አይፈረድበትም።

የኛ ኩባንያ ጠቅላላ ጉባኤ ጥሪ ጋዜጣ ላይ የወጣ ጊዜ ሚኒባስ ተከራየን። ሌሊት ተነስተን፣ ሸኖ ላይ ሻይ ጠጥተን፣ በአለልቱና በሰንዳፋ አድርገን 130 ኪሎ ሜትሩን ስንጨርስ አዳራሹ ገና አልተከፈተም ነበር። ምልዓተ ጉባኤ እስኪሟላ ተጠበቀ፤ መጠበቁን እንኳ ለምደነዋል። አጀንዳ ጸደቀ። የቦርዱ ሪፖርት ተነበበ። ከሪፖርቱ የገባኝ ይህ ነው፦ እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ማሽኑ ያልገባው ዶላር ስለማይገኝ ነበር፤ የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ዶላሩ በዚያ ዋጋ ስለሚገኝ ነው።

አስተማሪው እጃቸውን አወጡ። «ሳንቃው መቼ ይመረታል?»

«በቅርቡ» አሉ ሰብሳቢው።

«በቅርቡ ማለት በስንት ወር?»

«ጥያቄው በጣም ተገቢ ነው» አሉ ሰብሳቢውና ለሌላ ሰው ዕድል ሰጡ። አስተማሪው ጥያቄያቸው ተገቢ በመሆኑ ደስ ብሏቸው ተቀመጡ።

ቀጥሎ እትዬ ተነሡ። ስለ ማሽንም ስለ ዶላርም አላነሱም። «ልጄ፣ ይሄ ድርሻ ይወረሳል?» ብለው ጠየቁ። ጠበቃው ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ አክሲዮን ንብረት እንደሆነ፣ ባለቤቱ ሲሞት ለወራሾች እንደሚተላለፍ፣ ወራሹም በባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ እንደሚሰፍር አስረዳ። ቀኑን ሙሉ የተሰጠ ብቸኛ የተሟላ መልስ ነበርና አዳራሹ አጨበጨበ።

በመልስ ጉዞ እትዬ ለየትኛው የልጅ ልጃቸው እንደሚያወርሱ ክርክር ተነሣ። ትልቁ ቁጡ ነው፣ አይጠብቅም። ተከታዩ ዐረብ አገር የመሄድ ሐሳብ አለው። ሰንዳፋን ስናልፍ እትዬ ቆረጡ፤ ገና ጡት ላልጣለችው ለመጨረሻዋ። «እሷ ትደርስበታለች» አሉ።

የሒሳብ አስተማሪው ከፊት ወንበር ሆነው በጣታቸው አንድ ነገር ሲቆጥሩ ቆዩና ዞር አሉ።

«ለማንኛውም፣ ለልጇ ብለው ያስጽፉት።»