ሴንሰሩ ምን በደለ?

«ሴንሰር ብቻ ነው ጋሼ፣ ሞተሩ ንጹሕ ነው» አለኝ ደላላው።

«ብቻ ከሆነ ሳትቀይረው ለምን ጠበቅኸኝ?» አልኩት።

ጅቡቲ፣ አምቡሊ ነን፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳንርቅ፣ አንድ አጥር ግቢ ውስጥ። ከአዲስ አበባ የመጣ ወዳጄ የቤተሰቡን ጥሪት አሟጦ ያገለገለ እስካቫተር ሊገዛ ነው። ሞኒተሩ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል። ለደላላው ትንሽ ነገር ናት። ለወዳጄ ግን ማሽኑ በሎቤድ ተጭኖ፣ የጋላፊን ድንበር ተሻግሮ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የምትመጣ ዕዳ ናት። ማሽን ሲቆም ኦፕሬተሩ ይቆማል፣ ገልባጭ መኪናው ይቆማል፣ የባንኩ ወለድ ብቻ አይቆምም።

«እንዳትጉላሉ ብዬ ሞተሩን አሙቄ ነው የጠበቅኋችሁ።»

«እንግዲያው አቀዝቅዘህ ጠብቀን። ነገ ከፀሐይ በፊት እንመጣለን።»

ይህን ያልኩት ለማሾፍ አይደለም። ጠፍቶ ያደረ ሞተር እውነቱን የሚናገረው ጠዋት ነው። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የራዲያተሩ ውሃ፣ የሃይድሮሊክ ዘይቱና ወደ ሞተር የሚገባው አየር ተቀራራቢ ሙቀት ማሳየት አለባቸው፤ አንድ ግቢ አብረው አድረዋላ! የሞተር ዘይት ግፊቱም ዜሮ መሆን አለበት። በማግስቱ ስናየው ዘይቱና አየሩ 31 እና 32 ዲግሪ አሉ። የውሃው ግን ከዜሮ በታች 40 አለ። አምቡሊ ላይ፣ በሐምሌ!

«አላልኩም? ሴንሰሩ ነው!» አለ የደላላው መካኒክ መፍቻውን አንስቶ።

«መፍቻህን አስቀምጥ ልጄ። ቁጥሩ ‹በረደኝ› አይደለም የሚልህ፤ ‹ሽቦዬ ተበጥሷል› ነው።»

የውሃ ሙቀት ሴንሰር ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። ሽቦው ከተበጠሰ ኮምፒውተሩ መጨረሻ የሌለው ሬዚስታንስ ያይና የመጨረሻውን ብርድ ይጽፋል። ሁለቱ ሽቦዎች ከተነካኩ ደግሞ የመጨረሻውን ሙቀት። ስለዚህ ሁለት ሽቦ ባለው የሙቀት ሴንሰር ላይ ሶኬቱን ነቅሎ የሶኬቱን ሁለት ፒኖች በቁራጭ ሽቦ ማገናኘት ነው። ቁጥሩ ከብርድ ወደ ትልቁ ሙቀት ከዘለለ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ጥፋቱ መንገድ ላይ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ ነው። የእኛው አልተንቀሳቀሰም። ሽቦውን በእጃችን እየዳበስን ስንከተል ናስትሮ የተጠቀለለበት ቦታ ደረስን። ስንፈታው መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ እጃችን ላይ ፈረሰ። አንድ ሰው ቮልት ሊለካ በመርፌ ወግቶት ሄዷል፤ የቀረውን የባሕሩ ጨው ጨርሶታል። ሽቦ በመርፌ የምትወጉ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ በሶኬቱ ጀርባ በኩል ለኩ! ባሕር ጠረፍ ላይ የተበሳ ሽቦ አይድንም።

መካኒኩ ሴንሰሩን ቢቀይረው ኖሮ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነበር።

ደላላው አሁንም አልተፈታም። «የግፊት ሴንሰሮቹም ቢሆኑ ሦስቱም አንድ ቀን ነው የሞቱት፤ አርጅተው ነው።»

«አንድ ቤት ሦስት ሰው በአንድ ቀን ከታመመ፣ እኔ የምመረምረው የጠጡትን ውሃ ነው።»

ሦስት ሽቦ ያላቸው የግፊት ሴንሰሮች ብዙውን ጊዜ የሚጠጡት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከሚሰጣቸው 5 ቮልት። አንዱ ሴንሰር ውስጥ ይህ 5 ቮልት ግራውንድ ከነካ ምንጩ ይደርቅና ሁሉም አብረው ይወድቃሉ። መልቲሜትሩን 5 ቮልቱ ላይ አድርጎ አንድ በአንድ መንቀል ነው። የትኛው ሲነቀል 5 ቮልቱ ተመለሰ? እሱ ነው በዳዩ። የሁለት ንጹሕ ሴንሰር ዋጋ ኪስ ውስጥ ቀረ ማለት ነው።

«ቀለሙንስ አላየኸውም? አዲስ አስመስዬዋለሁ!»

«አይቼዋለሁ፤ ግራውንዱ ሥር ገብቶ።»

ለሽያጭ ሲቀቡት ኔጋቲቩ ከሻሲው ጋር የሚገናኝበትን ብሎን ሳይሸፍኑ ረጭተውታል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሁለቱ 12 ቮልት ባትሪዎች ተደምረው 24 ቢሰጡም መመለሻው መንገድ ከተዘጋ ሴንሰሮቹ የተዛባ ነገር ሊያወሩ ይችላሉ።

«ውሃ አይቶ አያውቅም፤ ጎርፍ አልነካውም።»

«ወንበሩን አንሳና ይንገረን።» የአምቡሊን ደረቅ ወንዝ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው ይህን በቃል የሚያምን። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2004 ሲሞላ ብዙ ሰው ገድሏል፤ በኖቬምበር 2019ም ከተማዋ በጎርፍ ተጥለቅልቃለች። ከወንበሩ ሥርና ከኮምፒውተሩ ሶኬት ጀርባ የደረቀ ደለል ካለ ማሽኑ ዋኝቷል። የእኛው ደህና ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደላላው እዚህ ላይ አልዋሸም።

አንድ ነገር ግን አስቆጣኝ። ኮምፒውተሩ የያዘውን የብልሽት ኮድ ስናነብ የተመዘገበ የቀድሞ ታሪክ አንድም የለም።

«የድሮ ኮድ የለበትም፤ አጽድቼዋለሁ» አለ በኩራት።

«አላጸዳህም፤ ምስክሩን ነው ያባረርከው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

ኮድ ፍርድ አይደለም፤ አቤቱታ ነው። ብዙ ማሽኖች በሚናገሩት ጄ1939 ቋንቋ 100 ቁጥር የሞተር ዘይት ግፊት ነው። ዋናው ነገር ግን ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ነው። 3 ወይም 4 ከሆነ ቮልቱ ከልክ በላይ ወይም በታች ነው፤ ኤሌክትሪሽያን ይጠራ። 1 ከሆነ ግን ሴንሰሩ እውነቱን ነው፤ የዘይቱ ግፊት በአደገኛ ደረጃ ወርዷል። ያኔ የሚጠራ ሰው የለም፤ መጀመሪያ ሞተሩ ይጥፋ። ይህን ሳያነቡ «ሴንሰር ነው» ብለው ሲያስነዱ ክራንኩ የተበላ ሞተር አይቻለሁ። የዚያ ማሽን ኦፕሬተር በጥፋቱ ሳይሆን በሌሎች ስንፍና ከሥራ ተባረረ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሽቦው ተቀየረ፣ ብሎኑ ተፋቀ፣ አንዱ የግፊት ሴንሰር ተተካ። ማሽኑን አስነስተን፣ ከቀዝቃዛ እስኪሞቅ ድረስ ቁጥሮቹ ሲወጡ ቆመን አየን። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ዋጋ የተነጋገርነው።

ደላላው ላቡን ጠረገ። «ለአንዲት ሽቦ ሁለት ቀን አለፋችሁኝ እኮ!»

ወዳጄ እስካሁን ዝም ብሎ ነበር። «እኔን ሁለት ዓመት ልታለፋኝ ነበራ!» አለው።