ስለ እኔ ከደወሉልዎት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ነሐሴ

ለተከበሩ መምህሬ፣

መቀሌ፣ ሮማናት አካባቢ በለሱ እንደ ጉድ እየተላጠ እንደሆነ ሰማሁ፤ ምራቄን ዋጥኩ። አሸንዳም ደርሷል። ዘንድሮ እንኳ ልጃገረዶቹ ከበሮ ይዘው ደጅዎ ሲመጡ የሌሉ መስለው በር እንዳይዘጉ!

እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። አዛውንቶች በሚጦሩበት ሌላ ቤት ሥራ ላገኝ ነው። እዚህ አገር ዋስ አይጠሩም፤ ጠባይዎን የሚያውቅ፣ ዘመድ ያልሆነ ሰው ስልክ ይስጡ ይላሉ። የእርስዎን ሰጠሁ። እስከ ታኅሣሥ 2015 የመቀሌ ስልክ ድምፁ ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ ቢሆን ኖሮ ያለ ጠባይ ቀርቼ ነበር። እነሱ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሲደውሉ እርስዎ ዘንድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነውና እንዳይተኙብኝ።

በሪፖርት ካርዳችን ጠባይ በአንዲት ፊደል ያልቅ ነበር። እዚህ ግን ያብራሩ ይባላሉ። እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እርስዎ ቢሆኑም ጥቂት ነገር ላሳስብዎት፤ ድፍረት አይሁንብኝ።

ሰሌዳ ላይ ይጽፉልን የነበረውን «ኦብዲየንት» እንዳይሉብኝ። እዚህ ለውሻ ነው የሚነገረው። «ኳየት» ደግሞ ከአፍዎ እንዳይወጣ! እኛ ዘንድ ጭምት ልጅ ሽማግሌ ልኮ አያፍርም። እዚህ ግን ሰው ገድሎ የተያዘ ሁሉ ጎረቤቶቹ በቴሌቪዥን ቀርበው «ኳየት ነበር» ይሉለታል። «ደህና ልጅ ነው» ብለው በ«ኦኬይ» እንዳያልፉትም። የእርስዎን «ደህና» ለማግኘት ስንት ዓመት እንደለፋሁ እነሱ አያውቁም።

«ሪላየብል» ይበሉ፤ በተባለበት ሰዓት ይገኛል ማለታቸው ነው። «ጉድ ዊዝ ፒፕል» ይበሉ። «ፔሸንት» ቢሉም አልዋሹም። አሁን በምሠራበት ቤት አንዲት እናት አሉ፤ ሁሌ ማታ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው «አውቶቡሱ መጣ?» ይሉኛል። የሚመጣ አውቶቡስ የለም። «ገና ነው እማማ» ብዬ አብሬያቸው ቁጭ እላለሁ፤ ትንሽ ቆይተው ቦርሳውን ያስይዙኝና ይተኛሉ። እኛ ይህን ሆደ ሰፊ እንለዋለን፤ እርስዎ ግን አደራ፣ ሆዴን እንዳያነሱ፤ የሚመዘግቡት ሌላ ነው። ልብን ማንሳት ይቻላል፤ «ሂ ሃዝ ኤ ጉድ ሃርት» ደስ ይላቸዋል።

ድክመቱስ ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ቅኔ ነው፤ ሰሙ ድክመት፣ ወርቁ ሙገሳ። «ሥራ ከያዘ እረፍት መውጣት ይረሳል» ይበሏቸው። ያወጡልኝን ቅጽል ስም ግን በምንም ቋንቋ አይንገሯቸው።

እኔንም ስለ ራስህ ንገረን አሉኝ። ራስን ማመስገን ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ምን ይላል? በአባቴ ስም ጀመርኩ፤ ከአያቴ ሳልደርስ አስቆሙኝ። ሌላው ተወዳዳሪ ግን ራሱን ሲያወድስ በር ላይ ሆኜ ሰማሁት፤ አዝማሪ ቀጥሮ የመጣ ነው የሚመስለው። እንዲያውም እኔ ራሴ ልቀጥረው ነበር።

መጨረሻ ላይ «እርስዎ ቢሆኑ ይቀጥሩታል?» ይላሉ። እርስዎ ደግሞ ሲጠየቁ መነጽር ማውለቅ፣ ጉሮሮ መጥረግ ይወዳሉ። እዚህ ዝም ካሉ እምቢ እንዳሉ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ መጀመሪያ «አብሶሉትሊ» ይበሉ፤ ጉሮሮዎን ከዚያ በኋላ ይጠርጉ።

አክባሪ ተማሪዎ